በኵባንያዎች የሕግ ክፍል የሥራ አደራጆች ስፍራ
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



በመሥሪያ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። አንድ የቆየ ውል ይፈለጋል። የሕግ ክፍሉ ሲጠየቅ መዝገብ ቤት ነው ይላል። መዝገብ ቤቱ ሲጠየቅ ወጪ ሆኖ ወደ ሒሳብ ክፍል ተልኳል ይላል። የሒሳብ ክፍሉም በበኩሉ የደረሰኝ ግልባጩ ነው እንጂ ዋናውን አላየሁትም ይላል። ውሉን የጻፈው ነገረ ፈጅ እጅግ የተማረና አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ እስኪገኝ ድረስ ዕውቀቱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ ኵባንያዎች ይህን የመሰለውን ችግር እንዴት አድርገው እንደ ያዙት ነው። እነርሱ በሕግ ክፍላቸው ውስጥ ከነገረ ፈጆቹ ሌላ፥ የሕጉን ሥራ አካሄድ ብቻ የሚያደራጁ ሰዎችን አቁመዋል። ሥራውን «ሊጋል ኦፐሬሽንስ» ይሉታል፤ እኛ ለጊዜው የሕግ ሥራ ማደራጃ እንበለው። እኔ ራሴ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ ሕጉ ሳይሆን ሕጉ ስለሚሠራበት ቤት ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የቀድሞው ልማድ እንዲህ ነበር። ኵባንያው ጥቂት ነገረ ፈጆች ይኖሩታል፤ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ግን በውጭ ላሉት ታላላቅ የጥብቅና ድርጅቶች ይሰጣል። ድርጅቱ ሥራውን ሲፈጽም «ስለ ተሰጠው የሕግ አገልግሎት» የሚል አንድ መስመር ይጽፍና ዋጋውን ከሥሩ አስፍሮ ይልካል። ኵባንያውም ይከፍላል። ለጽሕፈት ወረቀት መግዣ የሦስት ነጋዴ ዋጋ የሚያወዳድር ኵባንያ ለጠበቃ ሲከፍል ምንም አይጠይቅም ነበር።

ይህን ልማድ ከነቀነቁት አንዱ ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኵባንያ ነው። በ1992 ዓ.ም. በየስፍራው የሚያሠራቸውን የጥብቅና ድርጅቶች ቢቈጥር ከ300 በላይ ሆነው ተገኙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቍጥራቸውን ከ50 በታች አወረደው፤ ከቀሩትም ጋራ ስለ በጀት፥ ስለ ክፍያው ዐይነትና መረጃ ስለሚለዋወጡበት መሣሪያ አስቀድሞ መነጋገር ጀመረ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር፥ የኵባንያ ነገረ ፈጆች ማኅበርና ፕራይስ ዋተርሃውስ የተባለው የሒሳብ መርማሪ ድርጅት በአንድነት ሆነው ለሙግት ሥራ የመለያ ቍጥር አወጡለት። «ኤል 100» ጉዳዩን መመርመር ነው፤ «ኤል 300» ከተከራካሪው ወገን ጋራ ማስረጃ መለዋወጥ፥ «ኤል 400» በችሎት መከራከር፥ «ኤል 500» ይግባኝ ነው። ጠበቃው አንዱን ሰዓት ለ10 ከፍሎ እያንዳንዱን 6 ደቂቃ በዚህ ቍጥር ሥር ይመዘግባል። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የሒሳብ መጠየቂያው በኮምፒዩተር የሚተላለፍበት አንድ ወጥ መልክ ወጣለት።

እስከዚህ ድረስ የማደራጃው ሰው ከሒሳብ ተቈጣጣሪ የሚበልጥ አልነበረም። ከፍ ወዳለው ስፍራ ካወጡት ነገሮች አንዱ በኒው ዮርክ የተነሣ ክስ ነው፤ እርሱንም ሰፋ አድርጌ ልናገረው እወዳለሁ።

በ2002 ዓ.ም. አንዲት የአክሲዮን ሻጭ ሠራተኛ፥ በሴትነቴ ተበድያለሁ፥ አቤት በማለቴም ከሥራ ተባርሬአለሁ ስትል ዩቢኤስ ዋርበርግ የተባለውን ባንክ ከሰሰች። ማስረጃዋ የሥራ ባልደረቦቿ የተጻጻፉት ኢሜይል ነበረ። የባንኩ ነገረ ፈጆችና ጠበቆች ደብዳቤዎቹ እንዳይጠፉ ለሠራተኞቹ አስታውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ አንዳንዶቹ ሠራተኞች ኢሜይሎችን ሰረዙ፤ ለመጠባበቂያ ከተቀዱት ቴፖችም ጥቂቶቹ ጠፍተው ተገኙ። ዳኛ ሺራ ሺንድሊን በ2004 ዓ.ም. በሰጡት ውሳኔ፥ ጠበቃ «አትሰርዙ» ብሎ በመጻፍ ብቻ ግዴታውን እንደማይፈጽም አስታወቁ። ደብዳቤዎቹ በማን እጅና በየትኛው መሣሪያ እንዳሉ ማወቅ፥ ባለቤቶቹን ማነጋገርና ትእዛዙ መፈጸሙን እየተከታተሉ ማረጋገጥ ይገባል አሉ። ጉዳዩ በጁሪ፥ ማለት ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች ፊት ሲታይ፥ የጠፉት ደብዳቤዎች ቢገኙ ኖሮ ባንኩን የሚጎዱ ይሆኑ ነበር ብለው ሊገምቱ እንደሚችሉ ተነገራቸው። በ2005 ዓ.ም. ባንኩ ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱበት። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአገሪቱ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ተሻሽሎ በኮምፒዩተር የተቀመጠ ጽሑፍ በግልጽ ገባበት።

እንግዲህ አስቡት፤ ቴፑ በየትኛው ሣጥን እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው? ታላቁ ጠበቃ አይደለም። የሚያውቀው የመዝገቡን አያያዝ የሠራው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የሕግ ክፍል ኀላፊ ይህን ሰው ከቢሮው አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሙግት የራቀ ነው። የለንደን ባንኮች እርስ በርስ ሲበዳደሩ በሚጠይቁት ወለድ ላይ ተመሥርቶ በየቀኑ የሚወጣ «ላይቦር» የሚባል መለኪያ ነበር። በዓለም ላይ ብዙ የብድር ውል ወለዱን የሚቈርጠው በእርሱ ነበር። የማጭበርበር ተግባር ከተገኘበት በኋላ እንዲቀር ተወሰነና ዋናዎቹ የዶላር መለኪያዎች ሰኔ 30 ቀን 2023 ዓ.ም. ቆሙ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ባንክና ኵባንያ፥ ላይቦርን የሚጠቅሱ ስንት ውሎች አሉን፥ መለኪያው ቢቀርስ ምን ይላሉ ብሎ መፈለግ ነበረበት። ምትክ ስላልተጻፈባቸው ውሎች የአሜሪካ ምክር ቤት በ2022 ዓ.ም. ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። ውሎቹን አስቀድሞ በየዐይነታቸው ለይቶ በመዝገብ ያስገባ የሕግ ክፍል መልሱን ለመስጠት አልተቸገረም፤ ያላስገባው ግን ሣጥን ከመክፈትና ገጽ ከመግለጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የኵባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ያለውን መልስ ከሕግ ክፍሉ ማግኘት ሲጀምር፥ ክፍሉን የሚጠራው ነገር ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ምክር በሚደረግበት ቀን ይሆናል።

የሥራው ባለቤቶችም ተሰባስበዋል። በ2016 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የመጀመሪያውን ታላቅ ጉባኤያቸውን አደረጉ፤ ማኅበራቸው ሥራውን በ12 ዘርፍ ይከፍለዋል። ሒሳብ፥ የውጭ ጠበቆች ቍጥጥር፥ የመረጃ አያያዝና የመሣሪያ ምርጫ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩን መቍጠር አድማጭን ማሰልቸት ስለሚሆን እተወዋለሁ።

ይሁን እንጂ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ቍጥር የሚወድ ሰው ያልተቈጠረውን አያይም። አንድ ነገረ ፈጅ ማለዳ ወደ ሽያጭ ኀላፊው ስልክ ደውሎ «ይህን ደብዳቤ አትላክ» ቢለውና በዚያች ቃል የሦስት ዓመት ሙግት ቢቀር፥ ይህ ሥራ በየትኛው ቍጥር ሥር ይጻፋል? በ«ኤል 100» አይገባም፤ ክስ የለምና። የ6 ደቂቃው መዝገብም አንዲት መስመር ብቻ ያሳያል። የሥራው አደራጅ ይህን ካላስተዋለ፥ ሙግት ያበዛው ነገረ ፈጅ ትጉህ፥ ሙግት ያስቀረው ግን ሰነፍ መስሎ በሰንጠረዡ ላይ ይታያል። አስተዋዮቹ አደራጆች ስለዚህ የሚቈጥሩት ሰዓቱን ብቻ አይደለም፤ አንድ ውል ቀርቦ እስኪፈረም የሚፈጀውን ቀንና ከየትኛው ክፍል የሚመጣ ጥያቄ እንደሚደጋገም ጭምር ይመለከታሉ።

ሌላው ጥያቄ የኀላፊነት ነው። ከአደራጆቹ ብዙዎቹ ጠበቆች አይደሉም፤ ከሒሳብ፥ ከንግድ አስተዳደር ወይም ከኮምፒዩተር ሙያ የመጡ ናቸው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያወጣው አርኣያ የሥነ ምግባር ደንብ በቍጥር 5.3 እንደሚለው፥ ጠበቃ ያልሆነ ረዳት በሚሠራው ሥራ ላይ የበላይ የሆነው ጠበቃ ተገቢውን ቍጥጥር ማድረግ አለበት። ዛሬ ውልን በሰው ፈንታ የሚያነብ የኮምፒዩተር መሣሪያ ስለ መጣ ጥያቄው ወደ መሣሪያውም ተሻግሯል። መሣሪያውን የሚመርጠውና ሥራ ላይ የሚያውለው አደራጁ ነው፤ መሣሪያው የሳተውን ቃል ይዞ ፍርድ ቤት ሲጠራ ግን የሚቆመው ነገረ ፈጁ ነው። በኒው ዮርኩ ጉዳይ የቴፑ ሣጥን ሲጠፋ ዳኛዋ የጠየቁት ጠበቆቹን ጭምር እንጂ መዝገብ ያዡን ብቻ አልነበረም።