የላጉን ውሃ ዝውውርና ቅልቅል፤ የሒሳብ ሞዴል የሚነግረንና የማይነግረን



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር በባሕር ዳር ላጉኖች ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚዘዋወርና እንደሚቀላቀል፣ ይህንንም በሒሳብ ሞዴል ለመተንበይ እንዴት እንደሚቻል የሚመለከት ነው። ላጉን ማለት በቀጭን የአሸዋ ምድር ከባሕር ተከልሎ፣ በጠባብ በሮች ብቻ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ለምሳሌነት በሰፊው የተጠናውን የቬኒስ ላጉን እንመልከት።

ይህ ላጉን 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሊዶ፣ ማላሞኮና ኪዮጃ በተባሉ ሦስት በሮች ከአድርያቲክ ባሕር ጋር ይገናኛል። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ይፈጽማል፤ በብርቱ ሙላት ጊዜም የውሃው ከፍታ ወደ 1 ሜትር ይለዋወጣል። እንግዲህ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠን ብቻ ለሚያሰላ ሰው፣ ላጉኑ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ፈጽሞ የሚታደስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጉድለት ጊዜ ከወጣው ውሃ ከፊሉ ከባሕሩ ጋር በሚገባ ሳይቀላቀል በሚቀጥለው ሙላት ተመልሶ ይገባል። በውስጠኛው ዳርቻ ያለው ውሃ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል እንጂ በአንድ ዙር ከበሩ አይደርስም። በሞዴል የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በበሮቹ አጠገብ ውሃው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ሲታደስ፣ በውስጠኛው ክፍል ግን ከ30 ቀን በላይ የሚቆይበት ስፍራ አለ።

ሞዴሉ የቆመው በሁለት ሕጎች ላይ ነው፤ ይኸውም ውሃ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንምነትም አይለወጥም የሚለውና የኒውተን የእንቅስቃሴ ሕግ ናቸው። ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ከላይ እስከ ታች በአማካይ ይወሰዳል። ላጉኑ በሦስት ማዕዘን ክፍልፋዮች ይሸነሸናል፤ ክፍልፋዮቹም በጠባብ ቦዮች አካባቢ ትንንሾች፣ በሰፊው ረግረግ ላይ ትልልቆች ይሆናሉ። በበሮቹ ያለው የባሕር ከፍታ፣ ነፋሱና የወንዞቹ ፍሰት ከተሰጡት በኋላ ኮምፒዩተሩ ከፍታንና ፍጥነትን ደረጃ በደረጃ ያሰላል። የወለሉ ሰበቃ ግን በቀጥታ የሚለካ ባለመሆኑ፣ የተሰላው ከፍታ ከተለካው ጋር እስኪስማማ ድረስ ይስተካከላል።

አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፍታን ማስማማት በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ሞዴሎች አንድ ዓይነት ከፍታ እየሰጡ ስለ ቅልቅሉ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቅልቅልን የሚተነብይ ሞዴል በፍጥነትና በጨዋማነት ልኬትም ሊፈተን ይገባዋል። የወንዝ ውሃ በጨው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍበት ስፍራም የጥልቀቱ አማካይ እውነቱን ይሸፍናል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። በኅዳር 4 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ውሃው በቬኒስ እስከ 194 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዋን አጥለቀለቀ። ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላም «ሞዜ» የተባሉት 78 ተንቀሳቃሽ መዝጊያዎች በጥቅምት 3 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሙላት ላይ ተነሡ፤ ከተማዋም ከጎርፍ ዳነች። ይሁን እንጂ በሮቹ በተዘጉ ቁጥር የውሃው መታደስ ይቋረጣል። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ሲሄድ መዝጋቱም እየተደጋገመ ይሄዳል። መቼ እንደሚዘጋ ለመወሰን የከፍታ ሞዴል ይበቃል፤ ላጉኑ መዘጋቱን እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ለማወቅ ግን አይበቃም።

አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ስፋቱ ብዙ፣ ጥልቀቱ ግን ጥቂት በሆነው በጣና ሐይቅ ላይ በሙላትና ጉድለት ፈንታ ነፋሱ ይሠራል እንጂ ሕጎቹ እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ሞዴል እንዲሠራ የሚታዘዝ ሁሉ ለስሌቱ በጀት ሲመድብ፣ በውሃው ላይ ለሚደረገው ልኬትም በዚያው መዝገብ እንዲመድብ አሳስባለሁ።