የሰንጠረዥ ክበብ በትምህርት ቤት እንዴት ይመራል?
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ከክበቡ ተማሪዎች የተነገረ)



ሰንጠረዥ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ ጨዋታ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1805 እ.ኤ.አ. አንታሎ ላይ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅ ነበሩ፤ የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው ያስወግዱታል፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ፥ አሽከሩ ሳይቀር፥ እየጮኸ ይመክራል። ነገር ግን ድሉ ሁልጊዜ የራስ ወልደ ሥላሴ እንዲሆን በብልኃት ያመቻቹ ነበር።

እኛን ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ነው። ለትልቅ ሰው መሸነፍ በአገራችን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኛም ታላላቆቻችንን እናከብራለን፤ ሲመጡም ከመቀመጫችን እንነሣለን። በገበታው ላይ ግን የ9ኛ ክፍሉ ለ12ኛ ክፍሉ፥ ተማሪውም ለመምህሩ አውቆ የሚሸነፍ ከሆነ ሁለቱም አልተማሩም፤ ታናሹ ያሰበውን ደበቀ፥ ታላቁም የሌለው ችሎታ ያለው መሰለው። ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ውለታ እንለምናለን፤ መጥተው ይግጠሙን፥ ሲሸነፉም የተሸነፉበትን ምክንያት በሁላችን ፊት አብረውን ይመርምሩ።

ስለ ማስተማሩ፥ ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን 32ቱን ጠጠር ደርድሮ ሕግ ማነብነብ ያሰለቸዋል። በግራና በቀኝ 8፥ 8 ወታደር ብቻ ይዞ መጀመር ይሻላል፤ ቀድሞ ወታደሩን ከወዲያኛው ዳር ያደረሰ ያሸንፋል። ቀጥሎ ንጉሥ፥ ከዚያ ግንብ ይጨመራል። በንጉሥና በአንድ ግንብ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ ያልቻለ ወደ ፊት አይለፍ። ፈረስ ለኋላ ይቆይ፤ አካሄዱ ብዙ ልጅ ያደናግራልና። የነካ ይጫወት፥ ተመልካችም ዝም ይበል። ጫጫታ የወደደ የአባቶቻችንን ጨዋታ በመጨረሻ ይጫወት፤ በዚያ «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያ፥ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ፥ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ።

ገንዘብ የለንም ማለት ምክንያት አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውን አጥተዋል፤ ወንበርና መጽሐፍ ሳይሟላ ሰንጠረዥ ግዙልን አንልም። ካርቶን ላይ 64 ቤት ይሰመራል። የአባቶቻችን ገበታም ቢሆን ጥቁርና ነጭ ሳይኖረው በመስመር ብቻ የተከፈለ ነበር። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ በላዩ ወረቀት ተለጥፎ ለወታደር «ወ»፥ ለፈረስ «ፈ» ይጻፋል። ንጉሥና ንግሥት ሁለቱም በ«ን» ስለሚጀምሩ ለንግሥቲቱ «ት» እንድትሰጥ ግድ ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ ክበብ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እኅቶቻችን ውኃና እንጀራ ይጠብቃቸዋልና። በምሳ ዕረፍት ይሁን። ወላጆችም፥ ሴት ልጃችሁ በበዓል ቀን ወንድሟን ስትገጥመው አይታችሁ ቡናውን እርሱ ቢያፈላ ምን ይላችኋል?

ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር መግጠምም እንፈልጋለን። መንገዱ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመኪናው ሒሳብ ግን በየሳምንቱ አይቻልም። ስለዚህ በስልክ እንጫወት። ስምንቱ ዓምዶች ከ«ሀ» እስከ «ሸ» ይሰየሙ፤ በስልክ «ሀ» ከ«ሐ»፥ «ሠ» ከ«ሰ» እንዳይምታታ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ እንበል። ደስ የሚለው፥ አምስተኛው ዓምድ ንጉሡ ሠ ሲሆን፥ ንጉሡም የሚቆመው እዚያው ላይ ነው።

የምንጠይቀው አንድ ክፍል፥ በሳምንት ሁለት የምሳ ዕረፍትና የዲሬክተሩን ስልክ ለግማሽ ሰዓት ነው። ቆርኪውን ሰብስበናል።