ወደ ጎን ያደገው ቡና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን የተነሣው ከአንድ ውርርድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የቡና ዛፍ ሁለት ቁራጭ ወሰድን፤ አንዱን ቀጥ ብሎ ከወጣ ቡቃያ፣ ሁለተኛውን ፍሬ ከሚሸከመው የጎን ቅርንጫፍ። ዛፉ አንድ ነውና ሁለቱም እኩል ቀጥ ብለው ያድጋሉ አልን። የግቢያችን አትክልተኛ አባባ ሣቁብን። ሁለቱም ሥር ሰደዱ፤ የመጀመሪያው ወደ ላይ ወጣ፣ ሁለተኛው ግን እንደ ቅርንጫፍነቱ ወደ ጎን ተጋድሞ ቀረ። ተረታን።

ታዲያ የሁለቱ ዘር አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? የትምህርት ቤታችን ሙሉ ፕሮግራም በየክፍሉ በር ተለጥፎ ሳለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የራሱን መስመር ብቻ አንብቦ ይሄዳል። ሕዋስም እንዲሁ ነው። የቅጠሉም የሥሩም ሕዋስ 44 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ነገር ግን ቅጠሉ የቅጠልነቱን፣ ሥሩም የሥርነቱን ጂኖች ያነባል። ሥራው ገና ያልተለየለት ሕዋስ ግንደ ሕዋስ ይባላል፤ በቡናም ላይ በየቡቃያው ጫፍ ይገኛል። በዶክትሬት ደረጃ ይህን የሚያጠኑ ተማሪዎች የትኛው ጂን መቼ እንደሚነበብ ሲለኩ ዓመታት ይፈጃሉ።

ሥራው የተለየለት ሕዋስ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ጆን ገርደን በእንቁራሪት በ1962፣ ሺንያ ያማናካ በአይጥ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳዩ፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ለኛ ግን የሚቀርበን የጅማው ነው። በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የተዳቀሉ ቡናዎች አሉ፤ ዘራቸው ቢዘራ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። ስለዚህ የቅጠል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ ምግብና የዕድገት ቅመም ይሰጠዋል። ቅጠሉ ቅጠልነቱን ይረሳና ቅርጽ የሌለው እብጠት ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ከእብጠቱ ፅንስ ይወጣል። የኛ ቅርንጫፍ ይህን የመርሳት ደረጃ ስላላለፈ ይመስለናል ግትር የሆነው።

ብልቃጡ ግን የሚያባዛው የተሰጠውን ብቻ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች የተገኙት በአገራችን ከቆየው ልዩ ልዩ ቡና መካከል ተፈልገው ነበር። የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሆኖም ከቦንጋ ወጣ ስንል ዳር ዳሩ ተመንጥሮ የምናይበት ቦታ አለ። ከወደቀው ቡና የትኛው ጂን እንዳለፈ ከዚያ ወዲያ የሚያነብ የለም።

የተጋደመው ቡናችን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ነው፤ ዘንድሮ አብቧል። ወላጆች ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት ጎራ ብላችሁ እዩት፤ አባባም እዚያው ናቸው።