ልጆችሽ ስንት ናቸው?
(በማሻ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በማሻ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ቤተሰብ ስንመዘግብ አንዲትን እናት «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ብለን ጠየቅናት። «ሦስት» አለችን፤ እኛም ሦስት ብለን ጻፍን። ልንወጣ ስንል ከጓዳ ድምፅ ሰማን። ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት አቀረቀረች። ገብተን ስናይ ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ እግሩ በገመድ ከምሰሶው ጋር ታስሮ ተቀምጧል። አይናገርም። ጀርባው ላይ የአለንጋ ሰንበር ነበረ።

እናቲቱ ያሰረችው ጠልታው አይደለም። ገበያ ስትሄድ እሳት እንዳይገባ፥ ወንዝ እንዳይወስደው ፈርታ ነው። የሚገርፈው አባቱ ነው። «ርግማን ነው፤ በዱላ ይለቀዋል» ይል ነበር። ይህን ከማን ሰማው? እውነቱን እንናገር፤ ከጎረቤት ሰማ፥ ከእኛም ሰማ። ልጁ በጉባኤ መካከል ሲጮኽ እናቲቱን «ምን በድለሽ ይሆን?» ያልናት እኛው ነን። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲሁ ጠይቀው ነበር፤ ጌታ ግን ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ጆጆን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ቢሏቸው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ። ችግሩ የአእምሮ እድገት ጕዳይ እንጂ ርግማን አለመሆኑን፥ በየቤቱም የተደበቁ ልጆች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሲያስተምሩ ኖሩ።

እኛ ማእከል ለመክፈት አቅም አልነበረንም። ሦስት እናቶች ግን በገበያ ቀን ልጁን በተራ ለመጠበቅ ፈቀዱ። ገመዱ መጀመሪያ በገበያ ቀን፥ በኋላም ጨርሶ ተፈታ። ሥራን ከፋፍለን አሳየነው፤ አንድ ሳምንት ጀሪካን መያዝ፥ በሚቀጥለው መንገዱን መሄድ። ዛሬ ከእኅቱ ጋር ውኃ ይቀዳል።

አባቱን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መከሩት፤ ዱላውን ግን አልተወም። ስለዚህ ለቀበሌው አስታወቅን። አንዳንዶች «የሰው ገመና ለምን ታወጣላችሁ?» ብለው አዘኑብን። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ አሳዳጊ እንደሚቀጣ ይናገራል። ዝም ብንል ከአባቱ ጋር በአንድነት በገረፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰንበር አላየንም፤ ቢሆንም በየሳምንቱ እንጠይቃለን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ ስትመዘግቡ «የማይናገር ወይም የማይራመድ ልጅ በቤት አለ ወይ?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ምእመናንም ለደከመች እናት አንድ የገበያ ቀን ስጡ።

እኛም መዝገባችንን አርመናል። በዚያች እናት ስም ትይዩ አሁን የተጻፈው አራት ነው።