ለቤዝመንት ሲኒማ የቱን ስፒከር?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ ቤዝመንታችሁን ሲኒማ ቤት ልታደርጉ ላሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለመሃለኛው ስፒከር መድቡ፤ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። ሻጩ ግን የግራና የቀኙን ግዙፎች ያሳያችኋል፤ ያምራሉ፣ ምን ይደረግ! ሦስቱም የፊት ስፒከሮች የአንድ ኩባንያ፣ የአንድ ሞዴል ቤተሰብ ይሁኑ፤ አለዚያ መኪና ስክሪኑን አቋርጦ ሲያልፍ ድምፁ መሃል ላይ ይለወጣል።

ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ ለሰብዉፈሩ፣ ማለትም ለቤዝ (ለወፍራም ድምፅ) ስፒከሩ፣ ተዉለት። የት ይቀመጥ? ለጊዜው የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አድርጉትና ሙዚቃ ክፈቱ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተከትላችሁ በዳዴ እየሄዳችሁ አድምጡ። ልጆች ይስቁባችሁ! ቤዙ ሳይደበላለቅ የተሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። የቤዝመንቱ ባዶ ኮንክሪት ወለል ድምፅ ስለሚያስተጋባ፣ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ምንጣፍ አንጥፉ።