የተገዛ ፊልም ለምን ይቆለፋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፊልም ክበብ ስም የተሰጠ ንግግር)



ከዚህ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡና ዛሬ በአሜሪካ አገር የሚኖሩ አንድ ወንድማችን ባለፈው ዓመት 12 የሳይንስ ፊልሞች በዲቪዲ ገዝተው ልከውልን ነበር። እኛም ከሽሮ ሜዳም ከአዲሱ ገበያም ተጠራርተን፤ ወንበር ደርድረን፤ መጋረጃ ዘግተን የመጀመሪያውን ዲስክ ብናስገባ ማጫወቻው አልቀበልም አለ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚሁ ሆነ። የቆሸሸ መስሎን በነጠላ ጫፍ ጠረግነው። አንዱ ጓደኛችንማ በሳሙና ሊያጥበው ተነሥቶ ነበር። ነገሩን መርምረን የደረስንበትን ለማስረዳት እነሆ ዛሬ በፊታችሁ ቆመናል።

የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲን ሲያወጡ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋታል። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፤ አብዛኛው አውሮፓ፣ ጃፓን፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ 2 ናቸው፤ አገራችን ኢትዮጵያ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5 ናት። ይህም የሆነው ፊልም በየአገሩ ሲኒማ ቤት የሚታይበት ጊዜ ስለሚለያይ፤ በአንዱ አገር የተሸጠ ዲስክ የሌላውን አገር ገበያ እንዳይቀድም ታስቦ ነው። ድሮ ከአሜሪካ የተላከ የሠርግ ካሴት እዚህ አልታይ እያለ ያስቸግር እንደ ነበር ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ያ ግን የቴሌቪዥን አሠራር ከአገር አገር ስለሚለያይ የመጣ ችግር እንጂ ሆን ተብሎ የተደረገ አልነበረም። ይህኛው የታሰበበት ቁልፍ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ቁልፍ ተጨምሯል፤ ይኸውም ዲስኩ እንዳይገለበጥ ፊልሙን በምስጢር ጽሕፈት መሰወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህን ምስጢር የሚፈታ ፕሮግራም አወጣ። ተከሶም ኦስሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ነገር ግን በገንዘቡ የገዛውን ፊልም በራሱ ኮምፒዩተር ማየቱ ጥፋት አይደለም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 በነጻ ተለቀቀ፤ በይግባኝም ፍርዱ ጸና። ልጁ በዕድሜ እኛን ያህል መሆኑ በክበባችን ብዙ አስወርቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የአማርኛ ፊልሞች ይሸጡበት የነበረው ቪሲዲ ቁልፍም ቁጥርም አልነበረውም። ስለዚህ ዛሬ የወጣው ፊልም ነገ በየመንገዱ ተገልብጦ ይገኝ ነበር፤ ፊልም ሠሪዎችም ይህን በመፍራት ሥራቸውን ከሲኒማ ቤት ወደ ዲስክ ለማውጣት ይዘገዩ ነበር። ከእኛስ መካከል የተገለበጠ ፊልም በፍላሽ ያልተቀባበለ ማን አለ? በመሆኑም ቁልፍ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አንደፍርም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የባለሥራውን መብት ሲጠብቅ፤ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጅ ቢያዘጋጅ፤ አንዳንድ ሥራዎችን ለይቶ ካስቀረ በኋላ፤ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ሕጉ ‹‹ለምን ገለበጥህ?›› ብሎ ይጠይቃል። ቁልፉ ግን መጠየቅ አያውቅም፤ ለሌባውም ለባለቤቱም አንድ ነው። እንዲያውም ሌባው የተፈታውን ቅጅ ስለሚያገኝ ደጅ ላይ የሚቀረው የገዛው ሰው ነው።

እኛም በዚሁ ደጅ ላይ ነን። አንድ ጓደኛችን የወንድሙን ላፕቶፕ አመጣልን። የላፕቶፕ ዲስክ ማጫወቻ ቁጥሩን ለመቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም በራሱ በማጫወቻው ውስጥ ስለሚመዘገብ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አይረዳም። ይህን ሳናውቅ ለአሜሪካው ዲስክ 1፤ ለፊዚክስ መምህራችን የህንድ ዲስክ 5፤ እንደገና 1፤ ከጀርመን ለመጣ ዲስክ 2 እያደረግን አራቱን ጨረስን።

አሁን የቀረችን አንዲት ቅያሬ ናት። ወደ 1 ብናዞረው የወንድማችን 12 ፊልሞች ይከፈታሉ፤ የመምህራችን ዲስክ ግን በዚያ ላፕቶፕ ለዘለዓለም ይዘጋል። መምህራችን ‹‹የእኔን ተዉት›› ብለውናል፤ እኛ ግን ገና አልቆረጥንም። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። ከዚያ በፊት ከወላጆቻችን መካከል ቁጥሩ ገና ያልተነካ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ብትኖሩ፤ ለአንድ ወር ብታውሱን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን።