ስለ ሕመምተኛው የሚናገር አንደበት



በኢትዮጵያ ሕመምተኛ «እንዴት አደሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለሱ የጨዋነት ልማድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሥቃይ ሲገላበጥ ያደረ ሰው እንኳ ጧት ሐኪሙ ሲመጣ ይህንኑ ቃል ይደግማል። ሐኪሙም ቃሉን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ሌሊቱን ያየችው ነርሷ ናት፤ እንግዲህ እርስዋ ዝም ካለች ያ ሥቃይ በማን አፍ ይነገራል? (ወንዶች ነርሶችም በርካታ ናቸው፤ እዚህ በሴት አንቀጽ መነገሩ ለአነጋገር እንዲመች ብቻ ነው።)

ነርስ ለሕመምተኛው ትከራከርለት ዘንድ ይገባል የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው ጐልቶ አልተነገረም። ዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፥ የሐኪሙን ትእዛዝ በማስተዋልና በታማኝነት መፈጸም ከነርስ ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ተጽፎ ነበር። በ1973 ደንቡ ሲታደስ ግን የነርስ ቀዳሚ ኀላፊነት እርዳታዋን ለሚሻው ሰው መሆኑ ተገለጠ። በወረቀት ላይ ለውጡ የጥቂት ቃላት ነው፤ በአልጋው አጠገብ ግን «ይህ የመድኃኒት መጠን አልበዛም?» ብሎ የመጠየቅን ሸክም ያመጣል።

ይህም ከሐኪም ጋር መጣላት ማለት አይደለም። «አራተኛው አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ደስ አላሉኝም» የምትል ነርስ እውነት ብትናገርም ሰሚ አታገኝም። «ከአራት ቀን በፊት ኦፕራሲዮን የተደረጉት አባት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ትኩሳታቸው 39 ደርሷል፤ ትንፋሻቸው ፈጥኗል፤ ቍስሉ ሳያመረቅዝ አልቀረም፤ እባክዎ አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ» የምትለው ግን ሐኪሙን ከእንቅልፉ ታስነሣዋለች። ሁኔታውን፥ መነሻውን፥ ግምትንና ልመናን በተራ የማስረዳት ዘዴ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሆስፒታል የተወሰደ ነው።

ከመናገር ይልቅ ግን መስማት ይከብዳል። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ «እሺ» ነውና። ክኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር እንዲውጥ የታዘዘ ጿሚ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምስ ሳይናገር አመስግኖ ይሄዳል። «ቤትዎ ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ያስረዱታል?» ብትለው ግን ጾሙ ይገለጣል፤ የመድኃኒቱም ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይመከርበታል። እንዲሁም ኦሮምኛ ብቻ የምታውቅ እናት የአሥር ዓመት ልጅዋ አስተርጓሚ ሲሆንባት፥ የማሕፀን ሕመሟን በልጅዋ አፍ አትናገርም፤ ሆዴን ነው ብላ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ልጁን በዘዴ ወደ ውጭ ልኮ ሌላ ሴት አስተርጓሚ መፈለግ የነርሷ ፈንታ ነው።

አስታማሚዎችም ከሐኪሙ ጋር በበር ሥር ይንሾካሾካሉ፤ ክፉ ወሬ ለሕመምተኛው እንዳይደርስ በማሰብ የሚያደርጉት ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ግን በ1859 ባሳተመችው ስለ ሕመምተኛ አያያዝ በሚናገረው መጽሐፍ ይህን ሹክሹክታ አጥብቃ ነቅፋዋለች፤ ሕመምተኛው ጆሮውን አቅንቶ ስለ እርሱ የሚባለውን ለመስማት ይደክማልና።

ይህ ሁሉ መምህራንን የሚነካው፥ የነገዪቱ ነርስ ዛሬ በክፍላቸው ስለምትቀመጥ ነው። ዝምታ እንደ ጨዋነት፥ ጥያቄም እንደ ድፍረት በሚቈጠርበት ክፍል ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖረች ልጅ፥ በነርስ ትምህርት ቤት በሦስትና በአራት ዓመት አንደበት አታወጣም። ልምምዱም ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱ ተማሪ ያጋጠመውን ይናገር፤ ሁለተኛው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለክፍሉ ይድገምለት፤ ባለ ነገሩም ያርመው። መምህሩ ደግሞ አልፎ አልፎ በሰሌዳው ላይ ሆነ ብሎ አንድ ቍጥር ያሳስት። «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ትክክል አልመሰለኝም» ብላ የምትነሣውም ልጅ፥ በሌላ ቀን እርስዋው ተሳስታ ብትገኝ እንኳ፥ በክፍሉ ፊት እንዳይሣቅባት ይጠብቃት።